የተሰበረ እጅና የመኪና ኢንሹራንስ

በንግድ ቤቶችና በመጋዘኖች ውስጥ፣ በተለይም የዕቃ ማመላለስ ሥራ በሚበረታበት ወራት፣ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። ጥያቄውም ሾፌሩ እጁ ወይም እግሩ ተሰብሮ፣ ወይም ዐይኑ ተጐድቶ፣ ገና በሚገባ ሳይድን መሪ ቢይዝና በመንገድ ላይ አደጋ ቢደርስ፣ ለመኪናው የተገባው ኢንሹራንስ ይጸናልን ወይስ ይቀራል የሚል ነው። ይህ ነገር የሚመለከተው ባለ ብዙ ካሚዮኑን አስመጪ ብቻ አይደለም። በገዛ መኪናው ከመርካቶ ዕቃ ጭኖ ወደ ሱቁ የሚያመላልሰውን ቸርቻሪም፣ ቡናና የቅባት እህል ከገጠር የሚያስጭነውን ላኪም እኩል ይነካል።

በገበያው ውስጥ ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልሶች ይሰጣሉ። አንደኛው ወገን «ሾፌሩ ጀሶ አሥሮ ከተገኘ ኢንሹራንሱ ያን ጊዜውኑ ፈርሷል፤ ኩባንያው አንዲት ሳንቲም አይከፍልም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «አረቦኑን እስከ ከፈልሁ ድረስ የሾፌሬ ጤና የእኔ ጉዳይ ነው፤ ኩባንያው የደረሰው ቢደርስ ይከፍላል» ብሎ ይዝናናል። ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሣሁት ሁለቱም መልሶች ስሕተት መሆናቸውን፣ ስሕተቱም ነጋዴውን ብዙ ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑን ለማመልከት ነው። በእኔ አስተያየት የኢንሹራንስን ውል ለአደጋ የሚያጋልጠው የሾፌሩ ስብራት ሳይሆን የባለ ንብረቱ ዝምታ ነው።

ሕጉ በምን ላይ እንደ ቆመ

በመጀመሪያ በአገራችን የመኪና ኢንሹራንስ የሚመራበትን ሕግ ማስታወስ ይጠቅማል። በ2013 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1243 አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ፣ ብዙ ሰዎች በ1952 ዓ.ም. የወጣው የቀድሞው የንግድ ሕግ በሙሉ የተሻረ መስሏቸዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። አዲሱ ሕግ የተካው ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበሮችና ስለ ኪሳራ የሚናገሩትን ክፍሎች ሲሆን፣ ስለ ማጓጓዝና ስለ ኢንሹራንስ የሚናገረው የ1952ቱ ሕግ ሦስተኛ መጽሐፍ በቦታው ቀርቷል። ስለዚህ የዛሬው ነጋዴ ከኢንሹራንስ ኩባንያ ጋር ሲዋዋል የሚገዛበት ሕግ አባቶቹ የተዋዋሉበት ያው ሕግ ነው።

በዚህ ላይ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በ2000 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 559 ለባለ መኪናዎች ግዴታ ሆኖ ተደንግጓል፤ ይህም ዐዋጅ በ2005 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 799 ተተክቷል። ሦስተኛ ወገን የሚባለው ከውሉ ውጭ የሆነው ሰው ነው፤ በመንገድ ዳር የሚሄደው እግረኛ፣ የሌላው መኪና ባለቤት፣ አጥሩ ወይም ሱቁ የተገጨበት ሰው ማለት ነው። ከዚህ ግዴታ ሌላ ነጋዴው በፈቃዱ ለገዛ መኪናው ጉዳትና ለጭነቱ የሚገባቸው ውሎች አሉ።

እንግዲህ «ኢንሹራንሱ ይጸናልን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሳያውቀው ሦስት ልዩ ልዩ ጥያቄዎችን በአንድነት ጠይቋል። የተጐዳው ሰው ይካሣልን? መኪናዬ ይጠገንልኛልን? የጫንሁት ዕቃ ይተካልኛልን? ለሦስቱ የሚሰጠው መልስ አንድ ዐይነት አይደለም።

ስለ መጀመሪያው ጥያቄ ስንናገር፣ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የተቋቋመው ስለ ተጐጂው ተብሎ ነው። ባለ መኪናውና ኩባንያው በመካከላቸው ባላቸው ክርክር ምክንያት ምንም የማያውቀው እግረኛ ያለ ካሣ እንዳይቀር ማድረግ የዐዋጁ ዋና ሐሳብ ነው። ነገር ግን ነጋዴው በዚህ ብቻ ሊጽናና አይገባውም። ኩባንያው ለተጐጂው ከከፈለ በኋላ፣ የውሉን ግዴታ ያፈረሰውን ደንበኛ «ስለ አንተ የከፈልሁትን መልስልኝ» ብሎ የሚጠይቅበት ሁኔታ አለና። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄዎች ግን በሙሉ በውሉ ቃል ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ ክርክሩም የሚበዛው በእነዚህ ላይ ነው።

ዝምታ ውልን እንዴት እንደሚያናጋ

በንግድ ሕጉም ሆነ በዐዋጁ ውስጥ «ጀሶ ያሠረ ሰው የነዳው መኪና ኢንሹራንስ የለውም» የሚል ቃል አይገኝም። እንዲያውም ኢንሹራንስ የተፈለሰፈው ለሰው ልጅ ድካምና ቸልተኝነት ነው። ሾፌር ሁሉ ሁልጊዜ የሚጠነቀቅ ቢሆን ኖሮ አብዛኛው ሰው አረቦን ባልከፈለ ነበር። በሕጋችን መሠረት ኩባንያው በቸልተኝነት የደረሰውንም ጉዳት ይሸከማል፤ የማይሸከመው መድን ገቢው ሆን ብሎ ያደረሰውን ነው። ስለዚህ «ጀሶ ከታየ ውሉ ፈርሷል» የሚለው አባባል መሠረት የለውም። አንድ ሾፌር የግራ እጁ ጣት ተሰብሮ መኪናውን በቀይ መብራት አቁሞ ሳለ ሌላ መኪና ከኋላው መጥቶ ቢገጨው፣ የጣቱ ስብራት ለአደጋው ምክንያት ሆነ ብሎ መከራከር ለማንም አስቸጋሪ ነው።

ዳሩ ግን ነገሩ በሌላ በር ይገባል። የንግድ ሕጉ በቁጥር 667 እና ከእርሱ በሚቀጥሉት ቁጥሮች፣ መድን ገቢው ስለሚሸፈነው አደጋ የሚያውቀውን በእውነት እንዲገልጽ፣ ከውሉም በኋላ አደጋውን የሚያከብድ አዲስ ነገር ሲፈጠር ለመድን ሰጪው እንዲያስታውቅ ያዛል። ሆን ብሎ እውነቱን የሸሸገ ሰው ውሉን ሊያጣ ይችላል። በዚህ ላይ በብዙ የመኪና ኢንሹራንስ ውሎች ውስጥ ባለ ንብረቱ አደጋን ለመከላከል የሚቻለውን ጥንቃቄ ሁሉ እንዲያደርግ የሚያስገድድ ቃል ይገኛል።

እንግዲህ ለክርክር የሚቀርበው ጥያቄ «ሾፌሩ ተጐድቶ ነበርን?» የሚል ብቻ አይሆንም። «ባለ ንብረቱ ሾፌሩ መጐዳቱን ያውቅ ነበርን? እያወቀስ ወደ መንገድ ሰደደውን? ለኩባንያውስ ለምን ሳይናገር ቀረ?» የሚሉትም ይከተላሉ። የተጐዳ ሾፌር ሳያውቁ ማሰማራት ቸልተኝነት ቢባል ነው። እያወቁ ማሰማራት ግን ቸልተኝነትን አልፎ ወደ መሸሸግና ወደ ድፍረት ይጠጋል። ኩባንያው ይህን ይዞ «አደጋው በዚህ መጠን ከፍ ማለቱ ቢነገረኝ ኖሮ አልቀበለውም ነበር» ለማለት ይችላል። ክርክሩን በመጨረሻ ቢረታም ቢረታበትም፣ ነጋዴው መኪናው በጋራዥ ቆሞ፣ ደንበኞቹ እየሸሹ፣ ለጠበቃ እየከፈለ ፍርድ ቤት ሲመላለስ የሚያጣው ጊዜና ገንዘብ አይመለስለትም።

በዚህ ነገር አንድ ማስገንዘቢያ ለመስጠት እወዳለሁ። በጸሐፊነት ሥራዬ ልዩ ልዩ መዝገቦች በእጄ ያልፋሉና፣ የንግድ ቤቱ ወረቀት በራሱ በንግድ ቤቱ ላይ እንዴት እንደሚመሰክር አውቃለሁ። ሾፌሩ ከሐኪም ዘንድ «ለ21 ቀን ዕረፍት ያስፈልገዋል» የሚል ወረቀት ያመጣል፤ ወረቀቱም በሠራተኛ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። በ10ኛው ቀን ያው ሾፌር ዕቃ እንዲያመጣ የጉዞ ትእዛዝ ይጻፍለታል፤ የትእዛዙም ግልባጭ በትራንስፖርት ፋይል ውስጥ ይገባል። ሁለቱ ፋይሎች በሁለት ሣጥን እስከ ተቀመጡ ድረስ ማንም ልብ አይላቸውም። አደጋ በደረሰ ማግስት ግን የኩባንያው ጉዳት መርማሪ ወይም ፖሊስ ሁለቱን ወረቀቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጐን ለጐን ያስቀምጣቸዋል። ያን ጊዜ «አላውቅም ነበር» የሚል መልስ አይገኝም፤ በሁለቱም ላይ የቤቱ ማኅተም አርፎባቸዋልና።

ኢንሹራንሱ ቢጸናም የሚቀር ዕዳ

ኢንሹራንሱ ጸንቶ ቢገኝ እንኳ ነገሩ በዚያ እንደማያበቃ ማወቅ ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ መኪናውን የነዳው ፈቃድ ያልተሰጠው ሰው ቢሆንም እንኳ ባለቤቱ ከኀላፊነት አይድንም። ኩባንያው የሚከፍለው ደግሞ እስከ ተወሰነ መጠን ብቻ ነው። ዐዋጅ ቁጥር 799 በ2005 ዓ.ም. ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የሚከፈለውን የሦስተኛ ወገን ካሣ ከ40,000 ብር እንዳይበልጥ፣ ለንብረት ጉዳት የሚከፈለውን ደግሞ ከ100,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖት ነበር። እንዲህ ያለው መጠን በየጊዜው ሊሻሻል የሚችል ስለሆነ፣ ነጋዴው ውሉን በሚያድስበት ቀን የጊዜውን ልክ ጠይቆ መረዳት አለበት። መጠኑ ምንም ያህል ከፍ ቢል፣ ከእርሱ የተረፈው ዕዳ ከባለ መኪናው ኪስ የሚወጣ መሆኑን አይርሳ። አንድ የጭነት መኪና ከተሳቢው ጋር በአንድ መንደር ገበያ መካከል ቢገባ የሚደርሰውን ጥፋት መገመት ለማንም አያዳግትም።

ሾፌሩ ራሱስ? በገዛ መኪናው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሾፌሩ ሦስተኛ ወገን ተብሎ አይቈጠርም። ለሠራተኛው ሌላ ዋስትና ካልተገባለት በቀር፣ ሳይድን ተልኮ በመንገድ ላይ ለሚደርስበት ሁለተኛ ጉዳት የሚጠየቀው አሠሪው ነው። በወንጀል በኩል ያለው ኀላፊነት ደግሞ በማንኛውም የኢንሹራንስ ውል አይሸፈንም። ሰው ከሞተ፣ ኩባንያው ገንዘብ ይከፍል ይሆናል እንጂ ስለ ሾፌሩ ገብቶ አይታሰርም።

የሰውነት ጉዳትና የመኪና ሥራ

አንዳንድ ባለ ንብረት «ይህ ልጅ 20 ዓመት የነዳ ነው፤ በአንድ እጁም ይነዳዋል» ሲል ይሰማል። ልምድ ትልቅ ነገር መሆኑን አልክድም። ነገር ግን መኪና የሚነዳው በልምድ ብቻ አይደለም፤ በእጅ፣ በእግር፣ በአንገት፣ በዐይንና በንቁ አእምሮ ነው።

በአገራችን መኪና በመንገዱ ቀኝ ይሄዳል፤ መሪው በግራ በኩል ነው። ስለዚህ ቀኝ እጅ ማርሽ ሲቀይር መኪናውን በመስመሩ የሚይዘው ግራ እጅ ብቻ ነው። ግራ እጁ የተሰበረ ሾፌር ማርሽ በቀየረ ቍጥር መኪናው ለቅጽበት ያለ ያዥ ይቀራል። ቀኝ እጁ የተሰበረ ደግሞ ዳገት ላይ ማርሽ ለመቀነስ ይቸገራል። ቀኝ እግር ፍሬን ይረግጣል፤ ግራ እግር ፍሪሲዮን ይረግጣል። አንገቱን ማዞር የማይችል ሰው በስፖኪዮ የማይታየውን ብስክሌተኛ አያይም። አንድ ዐይኑ የታሰረ ሰው የርቀትን ልክ ለመገመት ይቸገራል፤ በታሰረው ዐይን በኩል የሚመጣውንም አያይም። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ደግሞ ከውጭ ደኅና መስሎ ሳለ ማዞርና የሐሳብ መዘግየት ሊኖርበት ይችላል።

የዚህን ነገር ክብደት በቍጥር እናስላው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። እግሩን የሚያመው ሾፌር ፍሬን ለመርገጥ ከወትሮው የግማሽ ሰከንድ ያህል ቢዘገይ፣ መኪናው ፍሬኑ ከመያዙ አስቀድሞ ከ8 ሜትር በላይ ይቀድማል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ከሆነ 11 ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ርቀት መንገድ የሚያቋርጥ ሕፃን በሚተርፍበትና በማይተርፍበት መካከል ያለ ርቀት ነው። ከዚህም በላይ ሕመም ያለበት ሰው ፍሬኑን ቢደርስበትም በሙሉ ኀይሉ አይረግጠውም፤ አካሉ ሳያዝዘው ከሕመሙ ይሸሻልና።

ስለ መድኀኒት ደግሞ ብዙ ሰው አያስብም። ለስብራት ሕመም ከሚታዘዙት ማስታገሻዎች መካከል እንደ ትራማዶልና እንደ ኮዴይን ያሉት እንቅልፍና ማዞር ያመጣሉ። ሾፌሩ ሕመሙ እንዲለቀው መድኀኒቱን ከዋጠ ይደነዝዛል፤ ለመንዳት ሲል መድኀኒቱን ከተወው ሕመሙ ይጠናበታል። ከአዲስ አበባ በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ እስከ ጅቡቲ ያለው ወደ 900 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ፣ በቈላው ሙቀት ለደኅናውም ሾፌር ፈታኝ ነው። ከሁለቱ በአንዱ የተያዘ ሰው የሚሄድበት መንገድ አይደለም።

ይህን ስል የተጐዳ ሰው ሁሉ ፈጽሞ መኪና አይንዳ ማለቴ አይደለም። ትንሽ የቆሰለ ጣት ሾፌርን ከሥራው አያግደውም። እንዲሁም አካሉ ለዘለቄታ የተጐዳ ሰው በሐኪም ተመርምሮ፣ መኪናውም ለአካሉ እንዲስማማ ሆኖ ተስተካክሎለት፣ በተፈቀደለት ልክ ለመንዳት ይችላል። ቁም ነገሩ ፍርዱን የሚሰጠው ማን ነው የሚለው ነው። ሾፌሩ ስለ እንጀራው ሲል «ድኛለሁ» ይላል። ነጋዴው ስለ ዕቃው ሲል «ድነሃል» ይለዋል። ከሁለቱም ጥቅም ነፃ የሆነው ሐኪሙ ብቻ ነው። በኪስ ያለው መንጃ ፈቃድም በዚህ ረገድ አይመሰክርም። የጤና ምርመራው ፈቃዱ በተሰጠበት ወይም በታደሰበት ቀን የነበረውን ጤንነት ያስረዳል እንጂ፣ ባለፈው ሳምንት የተሰበረውን እጅ አያውቀውም።

ሾፌሩ ጉዳቱን ስለ ምን ይደብቃል?

«በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ነገር ግን ሾፌሩን ጉዳቱን እንዲደብቅ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ሳይመረምሩ እርሱን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይደለም። የብዙ ሾፌሮች ኑሮ ከወር ደመወዛቸው ይልቅ በየጉዞው በሚያገኙት የውሎ አበል ላይ የተመሠረተ ነው። ጉዞ የቀረበት ሾፌር የቤት ኪራዩንና የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ያጣል። ስለዚህ ጀሶውን ከቀኑ አስቀድሞ አስፈትቶ፣ ረጅም እጅጌ ለብሶ፣ «ደኅና ነኝ» ብሎ ቢመጣ አያስደንቅም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156 ስለዚህ ጉዳይ የሚለውን አሠሪ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። የሙከራ ጊዜውን የፈጸመ ሠራተኛ ከሥራ ውጭ በደረሰበት ሕመም መሥራት ቢያቅተው፣ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል፤ የመጀመሪያውን አንድ ወር ከሙሉ ደመወዙ ጋር፣ የሚቀጥሉትን ሁለት ወሮች ከግማሽ ደመወዙ ጋር፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ወሮች ያለ ደመወዝ ማለት ነው። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ ደግሞ ክፍያው ከፍ ይላል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች ሙሉ ደመወዙ፣ ለሚቀጥሉት ሦስት ወሮች ከመቶ 75 የማያንስ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወሮች ከመቶ 50 የማያንስ ይከፈለዋል። ይህን ሕግ የሚያከብር ንግድ ቤት ሾፌሩ ጉዳቱን እንዳይደብቅ ግማሹን ምክንያት አስወገደ ማለት ነው። ከሕጉ በላይ አልፎ ከቀረው አበል ጥቂቱን የሚደጉም ባለ ንብረት ደግሞ፣ ቸርነት ብቻ ሳይሆን ብልኅ ንግድም ማድረጉ ነው።

የነጋዴው ስሌት በአጭሩ እንዲህ ይመስለኛል። ምትክ ሾፌር ለጥቂት ሳምንት መቅጠር ወጪ አለው፤ ኮንቴይነርም በሞጆ ደረቅ ወደብ ወይም በጅቡቲ ቢዘገይ የመጋዘን ኪራይ ይቈጥራል። እነዚህ ወጪዎች ግን ተቈጥረው የሚታወቁ፣ በደብተር ተጽፈው የሚዘጉ ናቸው። ያልዳነ ሾፌር የሚያመጣው ኪሳራ ግን ልኩ አይታወቅም። ነጋዴ ደግሞ ልኩ የታወቀውን ትንሽ ኪሳራ ልኩ ካልታወቀው ትልቅ ኪሳራ አስበልጦ መምረጥን ከማንም ይልቅ የሚያውቅ ሰው ነው፤ አረቦን የሚከፍለውስ ስለዚሁ አይደለምን?

ለሚነሡት ተቃውሞዎች

«ለኩባንያው ብናስታውቅ አረቦን ይጨምርብናል፤ ወይም ምክንያት አግኝቶ ይለቀናል» የሚሉ አሉ። ይህ ስጋት ከንቱ ነው አልልም። ነገር ግን የአንድ ሾፌር የስድስት ሳምንት ስብራት ለዘለቄታ አረቦን የሚያስጨምር ነገር አይደለም፤ በተለይም ደብዳቤው «ሾፌሩ እስኪድን ድረስ አይነዳም፤ በምትኩ እገሌ ይነዳል» የሚል ከሆነ፣ አደጋው አልጨመረም። ኩባንያው «አልቀበልም» ቢልም እንኳ፣ ይህን መልስ ከአደጋ በፊት መስማት ከአደጋ በኋላ ከመስማት እጅግ ይሻላል።

የገዛ መኪናውን የሚነዳው ባለ ሱቅ ደግሞ «እኔ የማዝዘው ሾፌር የለኝም፤ ይህ ነገር አይመለከተኝም» ይል ይሆናል። እርሱን ግን ከሁሉ ይልቅ ይመለከተዋል። ሾፌር የቀጠረ ነጋዴ «አላወቅሁም» ለማለት የሚችልበት ጊዜ አለ፤ የገዛ እግሩ የተሰበረበት ሰው ግን አላወቅሁም ሊል አይችልም። ሐኪሙ «አትንዳ» ያለውም፣ ሳይታዘዝ የነዳውም እርሱ ራሱ ነው። ሱቁ፣ መኪናውና የቤቱ ኑሮ በአንድ ሰው ላይ የተንጠለጠሉ ስለሆኑ፣ ለጥቂት ሳምንት ወንድሙን ወይም የሚያምነውን ባለ መንጃ ፈቃድ ቢለምን አያፍርበትም።

በኢንሹራንስ ኩባንያዎችም በኩል ወቀሳ አለ። ውሎቹ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ቋንቋ በደቃቅ ፊደል የታተሙ ናቸው። «የሚቻለውን ጥንቃቄ ሁሉ» የሚለው ቃል የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ አይገልጹም። ባለ ሱቁ ያላነበበውን፣ ቢያነበውም ያልተረዳውን ቃል ይዞ በአደጋ ማግስት «እዚህ ተጽፎልህ ነበር» ማለት ከሕግ አንጻር ቢያስኬድም ከመተማመን አንጻር አያስኬድም። ስለዚህ የንግድ ምክር ቤታችን ከመድን ሰጪዎች ጋር ተነጋግሮ፣ ለእያንዳንዱ የመኪና ኢንሹራንስ ውል በአማርኛ የተጻፈች አንዲት ገጽ እንድትያያዝ ቢያደርግ መልካም ነው እላለሁ። በገጿም ላይ የትኞቹ የሾፌር ጉዳቶች መገለጥ እንዳለባቸው፣ ማስረጃው ከየትኛው ሐኪም እንደሚቀርብ፣ ኩባንያውም በስንት ቀን ውስጥ መልስ እንደሚሰጥ ይዘርዘር። ይህ ለኩባንያዎቹ ራሳቸው ክርክርን ያሳንስላቸዋል፤ ለነጋዴውም የሚገዛውን ነገር አውቆ እንዲገዛ ያደርገዋል።

ዛሬውኑ ሊደረግ የሚገባው

ይህ እስኪፈጸም ድረስ ማንኛውም ንግድ ቤት፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ የሚከተለውን ለማድረግ ይችላል።

1ኛ፤ ሾፌር ጉዳት ሲደርስበት በዚያው ቀን ለቢሮው እንዲያስታውቅ፣ ስላስታወቀም እንዳይቀጣ፣ ይህንኑ በጽሑፍ ደንብ አድርጎ መስጠት።

2ኛ፤ ከሐኪም የሚመጣው ወረቀት «ዕረፍት ያስፈልገዋል» የሚል ብቻ እንዳይሆን፣ ሾፌሩ መኪና ለመንዳት የሚችልበት ጊዜ ተለይቶ እንዲጻፍበት መጠየቅ። የቤት መኪና መንዳትና ተሳቢ ያለው ካሚዮን መንዳት አንድ አይደለምና፣ ሐኪሙ የሾፌሩን ሥራ እንዲያውቅ ማድረግ ይገባል።

3ኛ፤ የሾፌሩን ጉዳትና የምትኩን ሾፌር ስም የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ሳይውል ሳያድር ለኢንሹራንስ ኩባንያው መላክ፤ የደረሰበት ቀን ተጽፎበትና ማኅተም አርፎበት የተመለሰውን ግልባጭ ከውሉ ጋር አያይዞ ማስቀመጥ። ቃል በአየር ይበናል፤ ወረቀት ግን ይቀራል።

4ኛ፤ የጉዞ ትእዛዝ የሚጽፈው ሰው ከመጻፉ በፊት የሕመም ፈቃድ መዝገብን እንዲመለከት ማድረግ። ከላይ የተናገርሁላቸው ሁለት ፋይሎች ከአደጋ በፊት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢገናኙ፣ ከአደጋ በኋላ መገናኘታቸው አያስፈራም።

5ኛ፤ ምትኩ ሾፌር ለመኪናው ዐይነትና ለጭነቱ ልክ የተፈቀደ የመንጃ ፈቃድ ያለው መሆኑን፣ ፈቃዱም ያልተቃጠለ መሆኑን ማረጋገጥ። አንዱን አደጋ ለመሸሽ ብሎ ወደ ባሰው መግባት እንዳይሆን ነው፤ ያለ ተገቢ ፈቃድ የተነዳ መኪና ከኢንሹራንስ ሽፋን ውጭ እንደሚሆን በብዙ ውሎች ላይ በግልጽ ተጽፏልና።

6ኛ፤ ሾፌሩ ሲድን የሐኪሙን የማጠቃለያ ወረቀት ከፋይሉ ጋር አያይዞ፣ ወደ ሥራ መመለሱን ለኩባንያው በድጋሚ ማስታወቅ።

እነዚህ ስድስት ነገሮች የሚጠይቁት ጥቂት ወረቀትና የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ለአንድ ካሚዮን ጐማ ከምናወጣው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ከቍጥር የሚገባ አይደለም።

የኢንሹራንስ ውል በመተማመን ላይ የቆመ ውል ነው። ኩባንያው መኪናውን ቀን ከሌት ተከትሎ አይጠብቅም፤ የሚያውቀው ባለ ንብረቱ የነገረውን ብቻ ነው። ንግድም ራሱ እንዲሁ ነው፤ ባንኩ፣ አቅራቢውና ደንበኛው ሁሉ ቃላችንን አምነው ይሰጡናል። በዱቤ ሰነድ ላይ የሐሰት ቍጥር ለመጻፍ የሚጸየፍ ነጋዴ፣ በሾፌሩ ክንድ ላይ ያለውን ስብራት በዝምታ ማለፉን እንደ ቀላል ነገር ሊያየው አይገባም። ስብራት በጊዜው ይጠገናል፤ ሳይነገር የቀረ እውነት ግን አደጋ እስኪገልጠው ድረስ በፋይል ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል።